ነዳጅ ሲወደድ ማን ይክፈል?

(እሁድ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከምታገኟት ዕረፍት ላይ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕረፍት የማይሰጣቸው፣ ይህንን ሌሊት ሥራ ሲጨርሱ በስልካቸው የሚያነቡ እህቶቻችንም አሉ። እነሱም አብረውን እንደተቀመጡ ቆጥሬ ነው የምናገረው።

ባለፈው ስብሰባ ስለ ነዳጅ ዋጋ ክርክር እንደተነሣ ታስታውሳላችሁ። አንዷ "ጦርነት ነው ያስወደደው" አለች፤ ሌላዋ "ነጋዴው ነው" አለች፤ ሌላዋ ደግሞ "መንግሥት ድጎማ ስላነሣ ነው" አለች። ሰዓት አለቀና ሳንስማማ ተለያየን። ኮሚቴው "አንቺ ዜና ትከታተያለሽ፣ አጥንተሽ አቅርቢልን" ብሎ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ከ10ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን አንብቤ፣ ጠይቄ፣ አስቤበት መጥቻለሁ። ያገኘሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ሦስታችሁም ትክክል ናችሁ። ነገር ግን ሦስቱ እንዴት እንደሚገናኙ ካላወቅን መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት መናገር አንችልም።

"መኪና የለን፣ እኛን ምን አገባን?" ያለችም ነበረች። ብዙ ያገባናል። ጤፉ ከጎጃም አዲስ አበባ የሚገባው በናፍጣ ነው። ቲማቲሙ የሚጠጣው በናፍጣ ፓምፕ ነው። እናቶቻችን ሐኪም ቤት የሚሄዱት በሚኒባስ ነው። እዚህ ቤይሩት ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ሞቶር በማዞት ነው የሚሠራው። ከሁሉ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ነዳጅ በሙሉ ከውጭ ነው የምትገዛው፤ የምትገዛውም በዶላር ነው። ቡና ጥሩ በተሸጠበት በ2014 ዓ.ም. ከቡና የተገኘው ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ለነዳጅ የወጣው ግን ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ከእናንተ ነው። በባንክ የምትልኩት ዶላር ለነዳጅ መግዣም ይውላል። ስለዚህ ስለ ነዳጅ መናገር መብታችን ነው።

ነዳጅን የሚያስወድደው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት የነዳጅ ጠባይ ራሱ ነው። ጨው ቢወደድ ወጥ ያለ ጨው የሚሠራ የለም፤ ከሌላ ነገር ቀንሶ ጨው ይገዛል። ነዳጅም እንደዚያ ነው። ባለታክሲው ተወደደ ብሎ ታክሲውን በገመድ አይጎትትም። አቅራቢውም ቢሆን በፈለገው ቀን መጨመር አይችልም። ሽንኩርት ሲወደድ ገበሬው ዘርቶ በጥቂት ወር ያደርሳል፤ አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ ግን ተፈልጎ፣ ተቆፍሮ፣ ቧንቧ ተዘርግቶለት ዓመታት ይፈጃል። ገዢው መተው ካልቻለ፣ ሻጩም ቶሎ መጨመር ካልቻለ፣ ትንሽ ጉድለት ትልቅ ንረት ታመጣለች። ትንሽ ትርፍም ትልቅ ውድቀት ታመጣለች። በፈረንጆች 2008 ሐምሌ ላይ አንድ በርሜል 147 ዶላር ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የዓለም ባንኮች ሲናጉ፣ ወደ 40 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። በ2020 ሚያዝያ፣ በኮሮና ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ማጠራቀሚያው ሲሞላ፣ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቀን ዋጋው ከዜሮ በታች ሆነ። ሻጩ "ውሰዱልኝ" ብሎ ገንዘብ ጨመረበት ማለት ነው። ያንኑ ዕቃ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ አይተነዋል።

ሁለተኛው ሻጮቹ ይመካከራሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ላይ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬኔዝዌላ ኦፔክ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። አሁን ሩሲያና ሌሎችም አብረዋቸው ይመክራሉ። ዋጋ ሲወርድባቸው "ምርት እንቀንስ" ይላሉ፣ ይወደዳል። ሁልጊዜ አይሳካላቸውም፤ እርስ በእርስም ይጣላሉ። ግን ኃይላቸው ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ጦርነትና የጦርነት ፍርሃት ነው። ፍርሃትን ለብቻው የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በበዓል ዋዜማ ዶሮ ከገበያ ሳይጠፋ ይወደዳል አይደል? "ነገ ይጠፋል" ብሎ ሁሉም ዛሬ ስለሚገዛ ነው። በሰላም ጊዜ በሆርሙዝ ባሕር መተላለፊያ በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ያልፋል፤ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ ጥይት ሲተኮስ፣ አንድም በርሜል ሳይጎድል፣ ለንደንና ኒው ዮርክ ያሉ ነጋዴዎች ዋጋ ይጨምራሉ። የመርከብ ኢንሹራንስም ይንራል። በ2022 የካቲት ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር በርሜሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ130 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲመቱ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው መሄድ ጀመሩ። የእኛ ነዳጅ የሚራገፍባት ጅቡቲ እዚያው አፍ ላይ ናት።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረን ነው፤ ለእኛ ግን ዋናው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እሱም የዶላር ምንዛሪ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። በርሜሉ 80 ዶላር ቢሆን ሊትሩ ግማሽ ዶላር ይሆናል፤ ይህ ማጣሪያና ማጓጓዣ ሳይጨመር ነው። ባንክ አንዱን ዶላር በ57 ብር ሲመነዝር ይህ ግማሽ ዶላር 28 ብር ከ50 ነው። ዶላሩ 114 ብር ሲገባ ያው ግማሽ ዶላር 57 ብር ይሆናል። ዓረቦቹ ምንም አልጨመሩም፣ ጦርነትም የለም፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሆነ።

ይህ ተረት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት ብርን ለገበያ ሲለቅቀው የሆነው ይኸው ነው። በሰኔ 2014 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ተብሎ ነበር። ያኔ የዓለም ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ከርሞ ነበር። በመስከረም 2017 መጨረሻ የዓለም ዋጋ ወደ 70ዎቹ ወርዶ ሳለ እኛ አገር ሊትሩ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ገባ። ዓለም ላይ ረከሰ፣ እኛ ጋ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው። ምክንያቱ ምንዛሪውና ድጎማው መቀነሱ ነው። ስለዚህ "በዓለም ገበያ ምክንያት" የሚል መግለጫ ስትሰሙ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዓለም ላይ ነው የተወደደው ወይስ ብራችን ነው የረከሰው?

አምስተኛው መንገድ ላይ የሚጨመረው ነው፦ ማጣሪያው፣ መርከቡ፣ ቦቴው፣ ግብሩ፣ የማደያው ትርፍ፣ አንዳንዴም የሚደብቀው ሰው። "ነጋዴ ነው" ያለችው እህታችን እዚህ ላይ እውነት አላት። ግን የሚደብቀው ነጋዴ ንረቱን አይፈጥረውም፤ ያባብሰዋል። ነገ እንደሚጨምር ያወቀ ዛሬ ይደብቃል።

መንግሥታት ምን አደረጉ?

እንግዲህ ወደ መንግሥት እንምጣ። የዓለምን ዋጋ የእኛም፣ የሊባኖስም መንግሥት ሊያወርደው አይችልም። መንግሥት የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ ጭማሪውን ማን ይሸከመው የሚለውን። እዚህ ላይ የተለያየ አገር የተለያየ መንገድ ሄዷል። ጥቂቶቹን እንያቸው።

ከራሳችን ልጀምር። በ1966 ዓ.ም. ዓረቦችና እስራኤል ከተዋጉ በኋላ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ ወጣ። የንጉሡ መንግሥት ቤንዚን ላይ ግማሽ ያህል ጨመረ፤ ታክሲዎቹ ግን ታሪፍ እንዳይጨምሩ ተከለከሉ። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በሌላ ጥያቄ በዚያው ሰሞን ሥራ አቁመው ነበር። ወታደሩም ተነሣ። መንግሥት ደንግጦ በቀናት ውስጥ ዋጋውን በከፊል ቀነሰ፣ ግን አልበረደም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ንጉሡን ያወረደው ቤንዚን ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ መሬት ነበር። ግን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ሌሊት በታክሲ ነጂ ላይ መጫን ምን እንደሚያመጣ ያሳየናል።

ነዳጅ ያላቸው አገሮች ሌላ ናቸው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ዋጋውን ለቅቃዋለች፤ በየወሩ ይነገራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በሐምሌ 2021 ጣሪያ አበጀች፤ 91 የሚባለው ቤንዚን ከ2 ሪያል ከ18 ሃላላ እንዳያልፍ ብላ ልዩነቱን መንግሥት ወሰደው። መክፈል ይችላሉ፤ ነዳጅ ሲወደድ ገቢያቸውም ይጨምራልና። እዚያ ያሉ እህቶቻችን ግን "ታዲያ የእኛ ደመወዝስ?" ይላሉ። እውነት ነው፤ በርሜሉ ሲወጣ ደመወዛችን ውል ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። በርሜሉ ሲወድቅ ግን ይነካናል። በሐምሌ 2020 ሳዑዲ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ5 ወደ 15 በመቶ ስታሳድግ፣ በምንገዛው ሳሙናም ሆነ በስልክ ካርድ ላይ እኛም ከፍለናል።

አሁን ወደምንኖርባት ሊባኖስ። ይሄን ብዙዎቻችሁ በዐይናችሁ አይታችሁታል። ሊባኖስ ነዳጅ የላትም፤ እንደ ኢትዮጵያ ገዢ ናት። ሊራው ከ2019 ጀምሮ ሲወድቅ መንግሥት ነዳጅ እንዳይወደድ ብሎ ለአስመጪዎች ዶላርን በድሮው በ1,500 ሊራ ስሌት መስጠት ቀጠለ። በሰኔ 2021 መጨረሻ ስሌቱን 3,900 አደረገው። በነሐሴ ግን ውጭ ላይ አንድ ዶላር 20,000 ሊራ አካባቢ ነበር። ቀሪውን 16,000 የከፈለው ማዕከላዊ ባንኩ ነው፤ ባንኩ ውስጥ ያለው ዶላር ደግሞ ሕዝቡ ያስቀመጠው ነው። "ለድሃው ብለን ነው" ተባለ። ማን ተጠቀመ? ሦስት መኪና ያለው ሦስት ጊዜ ተደጎመ። ወደ ሶርያ ያሻገረው ሀብታም ሆነ። መጋዘን ውስጥ የደበቀው ጠብቆ በእጥፍ ሸጠ። መኪና የሌላት ሴት ያገኘችው ምንድን ነው? ማደያ ላይ የኪሎ ሜትር ሰልፍ፣ የጨለመ ቤት፣ የተወደደ ሰርቪስ። ባለሰርቪሱ በመንግሥት ዋጋ ሊያገኝ ስለማይችል ከጥቁር ገበያ ገዝቶ እኛን ያስከፍለን ነበር። የተደጎመውን ነዳጅ ሳናየው ያልተደጎመውን ከፈልን።

በዚያው ነሐሴ 11 ቀን ማዕከላዊ ባንኩ "ከእንግዲህ አልችልም" አለ። ነሐሴ 15 አካር ውስጥ ሰዎች ቤንዚን ለመቅዳት በጄሪካን ተሰብስበው ሳለ ቦቴው ፈንድቶ ቢያንስ 28 ሰው ሞተ። ጥቅምት 9 ደግሞ ሁለቱ ትላልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ ጨርሰው አገሩ በሙሉ መብራት አጣ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ለድሃ ቤተሰብ የገንዘብ ካርድ እንዲሰጥ ፓርላማው ሰኔ መጨረሻ ላይ ሕግ አውጥቶ ነበር። ድጎማው ሲነሣ ግን ካርዱ ገና በማንም እጅ አልገባም። የእኛ ዓይነቷ ሠራተኛ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሕጉ ውስጥ የለችም።

ኢራን በተቃራኒው ሄዳ አይታለች። በታኅሣሥ 2010 ቤንዚንን በብዙ እጥፍ አሳደገች፤ በኮታ የሚሰጠው ሊትሩ ከ100 ቱማን ወደ 400 ወጣ። ነገር ግን ዋጋው ከመጨመሩ በፊት በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ በነፍስ ወከፍ በወር 45,500 ቱማን አስገባች። ሰው ገንዘቡን በሒሳቡ አይቶ ነው ጭማሪውን የሰማው። በዚያ ጊዜ አገር አልታወከም። በኋላ ግን የገንዘቡ መጠን ሳይስተካከል ኑሮ ስለናረ ዋጋ አጣ። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ፦ ትራሱ ይቅደም፤ ትራሱም በየጊዜው ይሞላ።

ኢትዮጵያስ? በ1993 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ የሚባል ተቋቋመ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ሲረክስ አስቀምጦ ሲወደድ ማውጣት፤ ልክ እንደ ዕቁባችን። ግን ለረጅም ጊዜ ሲወጣበት እንጂ ሲገባበት አልታየም፣ ዕዳ ውስጥ ወደቀ። ነዳጃችን ከጎረቤት አገር ሁሉ ስለረከሰ በኮንትሮባንድ ይወጣ ጀመር። እኛ በዶላር ገዝተን፣ በብር አርክሰን፣ ለጎረቤት ነጋዴ መገብን ማለት ነው። ስለዚህ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ መንግሥት ድጎማውን ለሁሉም መስጠት ትቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ፣ በቴሌብር፣ ማድረግ ጀመረ። ሐሳቡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የባለቪላውን መኪና የገበሬ ልጅ ግብር ለምን ይሞላለታል?

ግን እዚህ አዳራሽ አንዷ እህታችን ባለፈው የተናገረችውን መርሳት የለብንም። "እናቴ መኪና የላትም፤ ግን ሚኒባሱ ድጎማውን ወስዶ እሷን ከታሪፍ በላይ ያስከፍላታል" ነበር ያለችው። ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ድጎማው ለተሽከርካሪ ነው የተሰጠው፣ ለተሳፋሪ አይደለም። በላምባ የምታበስል ሴት ደግሞ ተሽከርካሪ ስላልሆነች ጭራሽ አይደርሳትም። ጤፉን የሚያመጣው የጭነት መኪናም ቢሆን የሕዝብ ማመላለሻ ስላልሆነ ጭማሪውን እንጀራችን ላይ ይጨምረዋል።

ታዲያ መንግሥት ምን ያድርግ?

የእኔን ሐሳብ ልንገራችሁ፤ ብትቃወሙኝ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ እውነቱን ቀድሞ ይናገር። "ከዛሬ ሌሊት ስድስት ሰዓት ጀምሮ" የሚል መግለጫ ሰልፍና መደበቅ ነው የሚያመጣው። በየወሩ በታወቀ ቀን፣ የዓለም ዋጋው ይህን ያህል፣ ምንዛሪው ይህን ያህል፣ ማጓጓዣው ይህን ያህል፣ ግብሩ ይህን ያህል ብሎ ይዘርዝር። ማዳማችን እንኳ የሱቅ ደረሰኝ ስናመጣ በየመስመሩ ነው የምታየው። ሕዝብ ደረሰኝ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ትራሱን አስቀድሞ ጭማሪውን ያስከትል። እንደ ሊባኖስ ድጎማ አንሥቶ ካርድ ከመፈለግ ይልቅ ገንዘቡ እጅ ከገባ በኋላ ዋጋው ይጨምር። ጭማሪውም በትንሽ በትንሹ ይሁን። በአንድ ጊዜ የሚመጣ ትልቅ ጭማሪ ድሃውን ልጁን ከትምህርት ቤት እንዲያስወጣ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ዕርዳታው ወደ ታንከር ሳይሆን ወደ ሰው ይሂድ። የገጠርም የከተማም ሴፍቲኔት ፕሮግራም አለ፤ የድሆች ስም ዝርዝር አለ ማለት ነው። ነዳጅ ሲጨምር የእነዚህ ሰዎች ክፍያ አብሮ ይጨመር። ከተማ ውስጥ ደግሞ የአንበሳን ዓይነት ትልልቅ አውቶቡስ መጨመር ለሚኒባስ ታንከር ከመደጎም ይሻላል፤ አውቶቡሱ ታሪፉን መንገድ ላይ አይቀይርም።

አራተኛ፣ ሲረክስ ያስቀምጥ። በ2020 እንደሆነው በርሜሉ ሲወድቅ ዋጋውን ትንሽ ብቻ አውርዶ ቀሪውን ፈንዱ ውስጥ ማስገባት፣ ሒሳቡንም በአደባባይ ማሳየት። ጥጋብ ላይ ያላስቀመጠ ረሃብ ላይ ምን ያወጣል?

አምስተኛ፣ ጥገኝነቱን ይቀንስ። ይህ ረጅም መንገድ ነው፣ ግን ተጀምሯል። መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመጣው፤ የሕዳሴ ግድብም አለ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። መልካም ነው፤ ግን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው ያለው ሰው ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስገባው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው፣ ቀጥሎም ገበሬው ውኃ የሚስብበት የፀሐይ ፓምፕ።

ስድስተኛ፣ የሚደብቀውንና የሚያሻግረውን ይያዝ፤ ግን ሁሉንም በእነሱ አያመካኝ። ዋጋው በሁለት አጥር መካከል ብዙ ከተለያየ የሚያሻግር ሰው አይጠፋም። አንዱን ብታስር ሌላው ይተካል። ልዩነቱን ማጥበብ ነው ዋናው።

እኛስ?

መጨረሻ ላይ በእጃችን ያለውን ልናገር።

ውል ስትፈርሙ ደመወዛችሁ በዶላር እንዲጻፍና በዶላር እንዲከፈል አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሊራ ሲወድቅ በሊራ የተከፈላቸው እህቶቻችን ደመወዛቸው እንደ በረዶ ሲቀልጥ አይተናል። የነዳጅ ዋጋ፣ የዶላር እጥረትና የእኛ ደመወዝ አንድ ገመድ ላይ ነው የተንጠለጠሉት።

ከቤት "ትራንስፖርት ጨመረ፣ ላኪ" ሲሏችሁ አትቆጡ፤ ግን ጠይቁ። የመንግሥት ታሪፍ ስንት ነው? ስንት ተከፈለ? ታሪፍ ሳይጨምር የጨመረ ካለ የታርጋ ቁጥሩን ይዘው ለትራንስፖርት ቢሮ ይናገሩ። እኛ ከሩቅ የምንልከው ገንዘብ የሌላ ሰው ያልተገባ ትርፍ መሆን የለበትም።

በባንክም ሆነ በሌላ መንገድ መላክ የየራሳችን ውሳኔ ነው፤ ማንም ማንንም አይፈርድም። መንግሥት ግን በባንክ እንድንልክ ከፈለገ ምንዛሪውን እውነተኛ ያድርግ፣ ዶላሩም ለምን እንደዋለ ይንገረን። የኤምባሲ ሰዎች ከእኛ ጋር ሲሰበሰቡ ሁልጊዜ "ላኩ" ይላሉ። ከእንግዲህ "በላክነው ዶላር የተገዛው ነዳጅ ለማን ደረሰ?" ብለን እንጠይቅ። ጥያቄውን ጽፈን፣ ፈርመን፣ በማኅበራችን ስም እንስጥ። ረቂቁን ኮሚቴው ያዘጋጃል፤ ሐሳብ ያላችሁ በድምፅ መልእክትም ቢሆን ላኩልን። መጻፍ የማትችል እህት ካለችም ትናገር፣ እኔ እጽፍላታለሁ።

ነዳጅ ይወደዳል፣ ይረክሳል። ያንን ማስቆም አንችልም። "ማን ይክፈል?" የሚለው ግን በሰው የሚወሰን ነገር ነው። ሰው የወሰነውን ደግሞ ሰው ሊጠይቅበት ይችላል።

አሁን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ጥያቄያችሁን ልስማ።